ቴፕ የሌላት ዲኤክስ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017

ቴፑን ወሰዱት።

ሱሉልታ የደረስኩት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ብርድ። ሜዳውን አቋርጦ የሚመጣው ነፋስ ቦቲ ጫማ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሯጮቹ በአስፋልቱ ዳር በቡድን በቡድን፣ ትንፋሻቸው ጭስ መስሎ። የተጠራሁላት ላም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስታምጥ አድራለች። የጥጃው የፊት ግራ እግር ከጉልበቱ ታጥፎ ቀርቷል። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጥጃው ተረፈ፤ እናቲቱም ወዲያው ተነሣች። ጾሙ ትናንት ስለ ገባ የቀረበልኝ ሻይ ነው። የላሟ ባለቤት እትዬ ደጋግመው መረቁኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

መኪናዬ፣ ዲኤክሷ፣ ከአጥሩ ውጭ ነበረች፤ ብትርቅ ሃያ እርምጃ ነው። የኋላ ግራ በር ትንሿ መስታወት ወንበሩ ላይ ተጋድማለች። አልተሰበረችም። ጎሚኒዋን ዙሪያውን በምላጭ ቆርጠው፣ መስታወቷን እንዳለች አውጥተው አስቀምጠዋታል። ከዚያ በኋላ እጅ አስገብቶ የበሩን ቁልፍ ማንሣት ነው። ክሩስኮቱ መሐል ጥቁር ቀዳዳ። ከውስጡ የተቆረጡ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ሁለት አረንጓዴ። ስፖኪዮ አልተነካም። ስኮርታው አለ። የመድኃኒት ሳጥኔም አለ።

ካሴቱም አብሮ ሄደ። የማሕሙድ አሕመድ። ውስጡ ተቀርቅሮ ከቀረ ስድስት ዓመቱ ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ ሊያወጣው የሞከረ የለም፤ እኔም አልሞከርኩም። ሬዲዮው እስከሠራ ድረስ ይበቃኝ ነበር።

የመስታወቷ ነገር ከራሴ አልወጣ አለ። ሰው ሲሰርቅ ለመስታወት ይሳሳል? ወይስ ድምፅ እንዳይሰማ ብቻ? ድምፁን ፈርቶ ሳይሆን አይቀርም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 4

እንደገና ሱሉልታ። ፖሊስ ጣቢያ። መዝጋቢው ወጣት ነው፣ ጨዋ።

«የዕቃው መለያ ቁጥር?»

የለኝም።

«ሞዴሉስ?»

ሶኒ ነው፣ ጥቁር።

«ሌላ ምልክት?»

የድምፁ ቁልፍ ላይ ያለው ቀለም በአባባ አውራ ጣት ተልጧል አልኩት። ሳይስቅ ጻፈው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ነገ ሃያ ቴፕ ብንይዝ የእርስዎን በምን እንለየዋለን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የላሞቹን የጆሮ ቁጥር በቃሌ የማውቅ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት ከፊቴ የነበረውን ቴፕ ቁጥር ግን አንድ ቀን አላየሁትም።

ወረቀቱ ራስጌ ላይ ሸገር ከተማ፣ ሱሉልታ ክፍለ ከተማ ይላል። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 በአንድ ከተማ ሥር ከገቡ ወዲህ የምሠራባቸው ቦታዎች ሁሉ በወረቀት አንድ ናቸው። በመንገድ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አሁንም አዲስ አበባን ማቋረጥ ነው። ለዚህ ነው ሬዲዮ የምፈልገው። በቀን አራት ሰዓት መኪና ውስጥ ነኝ።

ኢንሹራንሱ አይረዳም። ያለኝ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። እሱ የሚከፍለው እኔ በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት ነው። ሌባ ለወሰደው አይከፍልም።


ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጭጋግ። ገፈርሳ ውኃው አይታይም፤ ከግድቡ ማዶ ነጭ ብቻ። ሁለት የጡት በሽታ፣ አንድ የማትበላ ጊደር።

ከሰዓት ከቡራዩ ወደ ሰበታ። አሸዋ ሜዳ፣ አስኮ፣ ዊንጌት፣ ቀለበት መንገዱ፣ አየር ጤና፣ ዓለም ገና። ያለ ሬዲዮ መንገዱ ይረዝማል። እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ቀዳዳው ሄደ።

አየር ጤና አካባቢ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዝቅ ያለ ጉርምርምታ፣ ከፊት ቀኝ ጎማ። ፍጥነት ስጨምር ይጨምራል፤ ወደ ግራ ስታጠፍ ይብስበታል። ኩሽኔታ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ቴፑ ሸፍኖት ኖሯል።


እሑድ፣ ሰኔ 8

ቤት ዋልኩ። ትንሿን መስታወት በላስቲክና በፕላስተር አሸግኋት። መስታወቷ ደህና ናት፤ ጎሚኒው ግን አልተገኘም። ልጄ ቀዳዳው ውስጥ እጇን አስገብታ «አባዬ፣ አያቴ የት ሄደ?» አለች። ቴፑን የአያቴ ትለዋለች፣ ለዚህ ነው። ቢሆንም ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ሜሪላንድ ያለው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ካሴቱ ነው። ከዚያ የኒውዮርክን አወራኝ። እዚያ በፈረንጅ 1980ዎቹ ሰው መኪናውን ሲያቆም መስኮቱ ላይ «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት ይለጥፍ ነበር፤ ሬዲዮ ለመፈለግ ሲባል መስታወቱ እንዳይሰበርበት። ሬዲዮውን እንዳለ ነቅለው እንደ ሳጥን አንጠልጥለው የሚገቡም ነበሩ። ቀጥሎ ፊቱ ብቻ የሚነቀል መጣ። በመጨረሻ ፋብሪካዎቹ ሬዲዮውን ከክሩስኮቱ ጋር አንድ አካል አድርገው መሥራት ጀመሩ። ከአንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው ላይ ስለማይገባ ሌባው ተወው። አሁን የሚቆርጡት ከማርሚታው ፊት ያለውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው፤ ውስጡ ፕላቲነምና ፓላዲየም አለ። ሌባው የሚሸጥ ወደሚገኝበት ሄደ ማለት ነው።

ይህን ሳስብ አመሸሁ። የእኔ ዲኤክስ በፈረንጅ 1981 የተሠራች ናት። ስትመጣ የነበራት ሁለት ጎን ለጎን ቁልፍ ያለው ሬዲዮ ነበር። አባባ ካሴት ሲያስገባባት ክሩስኮቱ በሞረድ እንዲሰፋ ተደረገ። ቀዳዳውን ዛሬ በልጄ ማስመሪያ ለካሁት። ወርዱ 18 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 5። የብዙ ቴፕ ልክ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቴፕ ከማንም መኪና ወጥቶ የእኔ ላይ ይገባል፤ የእኔም እንዲህ ያለ ቀዳዳ ያለው መኪና ሁሉ ላይ።


ሰኞ፣ ሰኔ 9

ዓለም ገና፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዘንድ። ልጁ ሠላሳ አይሞላውም። እጁ ፈጣን፣ ንግግሩ ዘገምተኛ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጀርባው ላይ ተኝቶ፣ ራሱን ከክሩስኮቱ ሥር አስገባ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ አሳየኝ።

ቢጫው በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል፤ ሰዓቱንና የተያዙትን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው እሱ ነው። ቀዩ በቁልፍ የሚመጣ። ጥቁሩ ማሳ። ነጭና ግራጫ የፊት ስፒከር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ የኋላ። ጫፋቸው ሁሉ እኩል ተቆርጧል። አንድ ጊዜ፣ በአንድ ፒንሳ።

«ሌባ ሶኬት ለመንቀል ጊዜ የለውም፣ ዶክተር። ይጎትታል፣ ከጀርባው ይቆርጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ የተሰረቀ ቴፕ ጭራው አጭር ነው። ከብት ሲገዙ ጥርሱን ያዩ የለ? የቴፕ ደግሞ ጭራውን ይዩ።»

እንዴት ልጠብቀው ብዬ ጠየቅሁት። ተነሥቶ ተቀመጠ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚያውቀውን ሁሉ ነገረኝ።

አብዛኛው ቴፕ የሚቀመጠው በቀጭን የላሜራ ቤት ውስጥ ነው። የሚይዙት ሁለት የጎን ምላሶች ናቸው። ሁለት ቀጭን ብረት በጎንና በጎን ሲገባ ምላሶቹ ይለቃሉ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ከቴፑ ጀርባ አንድ ብሎን አለ። በእሱ ላይ የብረት ማሰሪያ ታስሮ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር መያዝ አለበት። «ይቺን የሚያስር የለም። ስለማትታይ ይተዋታል። የእርስዎም አልታሰረችም ነበር።» ማሰሪያዋን ከተንጠለጠለችበት ጎትቶ አሳየኝ። ዝጋለች። ለአባባ ያስገባለት ሰው የዛሬ ሃያ ዓመት ትቷት የሄደ ነው።

የሚኒባሶቹን መንገድም ነገረኝ። የብረት ሣጥን በይዶ ቴፑን ውስጡ መቆለፍ። ይይዛል። ግን የተናደደ ሌባ ክሩስኮቱን ሰብሮ ሊያወጣው ይሞክራል፤ የዲኤክስ ክሩስኮት ደግሞ ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነው፣ ከተሰበረ ምትክ አይገኝም። ይህን ተውኩት።

አላርም፦ ባትሪዬ ደካማ ነው፤ ሱሉልታ ብርድ ላይ አድራ የማትነሣ መኪና አልፈልግም።

ኮድ የሚጠይቅ ቴፕ፦ ከባትሪ ሲለይ ይቆለፋል፤ ቁጥሩን ካላስገቡለት አይሠራም። ጥሩ ነው። ግን ሌባው ኮድ እንዳለው የሚያውቀው ከወሰደው በኋላ ነው።

ፊቱ የሚነቀል፦ ይህን ወደድኩት። ፊት የሌለው ቴፕ ማንም አይገዛም።

«ከሁሉም በላይ ግን፣» አለ፣ «ቁጥር ያስቀርጹበት። ስፖኪዮው ላይ ታርጋዎን አስቀርጸዋል አይደል? አልተነካም አይደል?» እውነት ነው። አልተነካም።

ማሰሪያዋን በአዲስ ብሎን እንደሚሠራልኝ ተስማማን። ቴፕ ግን የለኝም።


ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ሚካኤል። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ። ላስቲኩ አልያዘም፤ የኋላው ወንበር ረጠበ። ሰበታ ለመሄድ አስቤ ቀረሁ። ከወጨጫ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ዘግቷል ብለው ደወሉልኝ።

ለኩሽኔታው ያስቀመጥኩት ብር አለ። ለቴፕ ላውለው እያሰብኩ ነው። እንዲህ ማሰቤ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሶማሌ ተራ። ጭቃ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ውኃ መደርደሪያዎቹ መሐል ይገባል። ስፖኪዮ በገመድ፣ የቪትዝ የኋላ መብራት በቁልል፣ ፓራውልት ግድግዳ ላይ ቆሞ። አብዛኛው ነጋዴ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ያውቃል፤ ከፈራረሱ መኪኖች፣ ከዱባይ፣ ከጋራዥ። ይህን ለራሴ እያልኩ ነው የገባሁት። ግን አንድ ወጣት ገና ስደርስ «ፋዘር፣ ምን ጠፋ?» አለኝ። ምን ልሽጥልህ አላለም። ምን ጠፋ ነው ያለው።

ቴፕ ብዬ ነገርኩት። የራሴን ፍለጋ እንዳልመጣሁ ለራሴ ብናገርም ዓይኔ የተላጠ የድምፅ ቁልፍ ሲፈልግ ያዝኩት። ሦስት ሶኒ አየሁ። አንዱም የእኔ አይደለም።

ዋጋው አስደነገጠኝ። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም በ2012 በወጣው የኤክሳይስ ሕግ ሰባት ዓመት ያለፋት መኪና እስከ 500 በመቶ ታክስ ይጣልባታል። ስለዚህ ያለችው አሮጌ መኪና ናት የምትጠገነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ ሌላ ሆነ። አሮጌ ዕቃ ሲወደድ የሚሰረቀውም አሮጌ ዕቃ ነው። ቀላል ሒሳብ።

መጀመሪያ የታየኝ ንጹሕ ነው፣ ጃፓን። ከባትሪ ጋር አገናኝቶ አበራልኝ። ኤፍኤሙን ሳሽከረክረው 90 ላይ ቆመ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ከ76 እስከ 90 ነው የሚሄደው። የእኛዎቹ 97.1፣ 98.1፣ 102.1። አንዱም አይገባበትም። መለስኩለት።

ሁለተኛው ካሴትም ሬዲዮም ያለው፣ ፊቱ የሚነቀል። 102.1 ጥርት ብሎ ገባ። ጭራውን አየሁ። ረጅም ነው፤ ሶኬቱም አለ። ሽቦዎቹ ግን ከመሐላቸው በአዲስ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «እንዳይበታተን ነው፣ ፋዘር።» ደረሰኝ አልኩት። አሮጌ ዕቃ ደረሰኝ የለውም አለኝ። ስድስት ሺህ አለ። 4,800 ብር ተስማማን።

ዝናቡ ስለጨመረ መጠቅለያውን አልፈታሁም። እውነቱን ለመናገር ባይዘንብም አልፈታውም ነበር።


ሰኞ፣ ሰኔ 16

ቴፑ ገባ። የዓለም ገናው ልጅ ማሰሪያዋን አጠበቀ፤ ስጎትተው አልነቃነቅ አለ። ጎሚኒም አገኘልኝ፤ ከሌላ ዲኤክስ የወጣ ግን ለስላሳ። ትንሿ መስታወት ቦታዋ ተመለሰች።

ሽቦውን ከማገናኘቱ በፊት ጥቁሩን ፕላስተር ፈታው። ሁሉም ሽቦ መሐሉ ላይ ተቆርጦ እንደገና ተቋጥሯል። ዝም ብሎ አየኝ።

«የተሰረቀ ነው?» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ራሱ አስቆርጦትም ሊሆን ይችላል። ሶኬት ሲቀየርም እንዲህ ይደረጋል።»

ከዚያ ቋጠራቸው። ከዓለም ገና ስወጣ 97.1ን ከፈትኩ። ዜና። ቀጥሎ ዘፈን። መሪውን በጣቴ እየመታሁ አየር ጤና እንዴት እንደ ደረስኩ አላወቅሁም። ኩሽኔታውም አልተሰማኝም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 18

አዲሱ ልማድ። መኪና ሳቆም የቴፑን ፊት እነቅልና ገዋኔ ኪስ ውስጥ እከታለሁ። የዕቃ መሳቢያውን ክዳን ከፍቼ እተዋለሁ፤ ባዶ መሆኑ ከውጭ እንዲታይ። ምንም ነገር ወንበር ላይ አልተውም፣ ባዶ ካርቶንም ቢሆን። ሱሉልታ ዛሬ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አስገባሁ። እትዬ በራቸውን እስከ ጥግ ከፈቱልኝ፤ በፊትም ብጠይቃቸው እንደሚከፍቱልኝ ነገሩኝ። ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ጥጃው አድጓል። እየጠባ ጭራውን ያወናጭፋል።


ዓርብ፣ ሰኔ 20

አሸዋ ሜዳ ላይ ታርጋ የሚቀርጹ አሉ። ጃንጥላ፣ አንድ በርጩማ፣ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ መሰርሰሪያ። ቴፑን አስፈትቼ ለአንዱ ይዤለት ሄድኩ። ፊቱ ላይ ትንሽ ቁጥር፣ የብረት ሆዱ ላይ ትልቅ ቁጥር እንዲጽፍልኝ።

ቀራጩ ቴፑን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ቆም አለ። እንደገና ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ አዞረልኝ።

ቁጥር አለ። በመሰርሰሪያ ሳይሆን በሚስማር የተጫረ። ኮድ 2፣ አአ፣ ከዚያ አምስት አሃዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሞረድ ተፍቀዋል፤ ብረቱ እዚያ ጋ ያበራል። ሦስቱ ይነበባሉ። የጫረው ሰው አልተጣደፈም። እያንዳንዱ አሃዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ተጭሯል፤ ሚስማሩ የሸሸበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ወጥቷል፤ እንደገና ተመልሶ አስተካክሎታል። ከጎኑ ትንሽ መስቀል አለች።

«የእርስዎ ታርጋ ነው?»

አይደለም።

«ታዲያ በሰው ቁጥር ላይ ልቅረጽ?»

ሒሳብ ልክፈልህ አልኩት። አልተቀበለኝም።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

እንቅልፍ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ።

ሽቦዎቹ ሲፈቱ አውቄዋለሁ። ምናልባትም ፕላስተሩን ሳይ። የለም፤ «ምን ጠፋ?» ሲለኝ። ዓይኔን የጨፈንኩት ሬዲዮ ስለ ናፈቀኝ ነው እንጂ ስላልታየኝ አይደለም።

ማታ ጎረቤታችን ያለው ጠበቃ ጋ ሄጄ ነበር። መጽሐፉን አወጣ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ። አንቀጽ 665 ስርቆት። 669 ከባድ ስርቆት። 682 መሸሸግ። የሌላ ሰው ወንጀል ያፈራውን ዕቃ ለሚቀበል፣ ለሚገዛ፣ ለሚደብቅ። ሌባውና ገዢው የተለያየ ቁጥር ይኑራቸው እንጂ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ በመካከላቸው ጥቂት ገጽ ብቻ። እስከ ዛሬ ሌባ ስል አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ምላጭ የያዘው። ግን ያ ልጅ ሱሉልታ ላይ መስታወቴን ሲያወጣ ቴፑን የሚገዛው ሰው እንዳለ ያውቅ ነበር። የሚገዛው ሰው እኔ ነኝ።

ጠበቃው አልፈረደብኝም። «ከያዝከው በኋላ ያወቅከውን ምን እንደምታደርገው ነው ጥያቄው» አለኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ 4,800ው አንድ ቃል አልተናገረችም። ቡና እየቆላች፣ «የአባባን ቴፕ የገዛው ሰውዬ ዛሬ በራችንን አንኳኩቶ ይኸው ቢልህ ምን ትለዋለህ?» አለችኝ።

እግሩን ነበር የምስመው።


ሰኞ፣ ሰኔ 23

ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ። ቴፑ በፌስታል፣ ፊቱ በኪሴ። እጄ ላብ በላብ ነበር። «የገዛሁት ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰበብ መሰለኝ።

ከየት ገዛህ። ከማን። ስሙን አላውቅም። ደረሰኝ የለም። የሱሉልታውን ማመልከቻ ግልባጭ አሳየሁ። መርማሪው ቁጥሩን በመብራት አየው፤ ሦስቱን አሃዝ ጻፈ፤ ለተፋቁት ሁለት ነጥብ አደረገ። የአዲስ አበባ ታርጋ ስለሆነ ወደዚያ ይጠየቃል አለ። የስልክ ቁጥሬን ወሰደ። ብጠራ መምጣት አለብኝ። እሺ።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። አንድ የመኪና ቴፕ፣ ጥቁር፣ ከነፊቱ።

ስወጣ ቀለለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። አልቀለለኝም። ፈራሁ። ባለቤቱ ቢገኝ ምን ያስብ ይሆን? አምጥቶ መለሰልኝ ይላል ወይስ ገዝቶት ነበር ይላል? ሁለቱም እውነት ነው።


ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ሶማሌ ተራ ተመለስኩ። ብሬን ለማስመለስ ሳይሆን ከየት እንዳገኘው ለመጠየቅ። ወጣቱ የለም። በቦታው ሌላ ሰው፣ ሌላ ዕቃ። ሁለት መደርደሪያ አልፈው ያሉ ሽማግሌ ነጋዴ ቁጭ በል አሉኝ። እርሳቸው ቴፕ ሲገዙ የሻጩን መታወቂያ ቁጥር በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩን አሳዩኝ፤ የተጠቀለለ፣ ዘይት የነካው፣ በሦስት ቀለም እስክሪብቶ የተሞላ። «መታወቂያ ሲጠየቅ የሚሄድ አለ። ሄደ ማለት ነገሩ ገባኝ ማለት ነው» አሉ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከእርሳቸው ብገዛ ኖሮ። ግን እርሳቸው ዘንድ ዋጋው ስድስት ሺህ አምስት መቶ ነበር፤ ያን ዕለት ጠይቄ አልፌአቸዋለሁ።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ጾሙ ተፈታ። ከሱሉልታ ሦስት ሊትር ወተት፣ ከእትዬ። ሰማዩ እስከ ቀትር ጠራ፤ ከዚያ እንጦጦ ላይ ጠቆረ።

የጣቢያው ሰው ሐሙስ ደውሎ ነበር። በሦስቱ አሃዝ የሚጀምሩት ታርጋዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ቴፕ ጠፋብኝ ብሎ ያመለከተ እየፈለጉ ነው። ያላመለከተስ ካለ? ብዙ ሰው አያመለክትም። እኔም ሱሉልታ የሄድኩት በማግሥቱ ነው፣ እያመነታሁ።

ክሩስኮቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ የዓለም ገናው ልጅ በቀጭን ላሜራ ከደነልኝ። የብረት ማሰሪያዋ ከጀርባ ተንጠልጥላለች፣ አዲስ ብሎኗ እንደተሰካ። ትንሽ የእጅ ሬዲዮ ገዛሁ፣ በሁለት ድንጋይ የሚሠራ፣ ከነደረሰኙ። ስነዳ የጎን ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ስወርድ ኪሴ ውስጥ። ድምፅዋ ቀጭን ናት። የኩሽኔታውን ጉርምርምታ አትሸፍንም።

የሬዲዮዋን መለያ ቁጥር በዚህ ደብተር የጀርባ ሽፋን ላይ ጽፌዋለሁ። ከሱ በታች የባትሪውን፣ የስኮርታውን፣ የጃኩን።

የአባባ ቴፕ አልተገኘም። ኩሽኔታው ሰኞ ጠዋት ይቀየራል።